ጽጌረዳው ሞቷል ያሉ ቀን

ኢስፋሃን
ቅዳሜ፣ የቲር ወር አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድዎት፣ ስልክ ለሚዘጉብኝ አባቴ፤

በዚህ ደብዳቤ ጤናዎን አልጠይቅም። ብጠይቅም መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ከሐሙስ ጀምሮ ስደውል ስልኩን ያነሳሉ፣ ድምፄን ይሰማሉ፣ ከዚያ ይዘጉታል። ጭራሽ ባያነሱት ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግቢ ወጥተው ይሆናል እያልኩ ራሴን ባታለልኩ ነበር። አክስቴ ታጂ ጋ ስደውል ደግሞ «ወንድሜ ተኝቷል» ትለኛለች፤ እርስዎ ከኋላዋ ሲያስሉ እየሰማሁ። ስለዚህ ነገ የአክስቴ አማች በሚኒባሱ ወደ መንደር ሲወጣ ይህን በእጅዎ እንዲያደርስ አደራ ብዬዋለሁ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም። ቀድደው ሊጥሉት ቢያስቡ እንኳ እስኪቀድዱት ድረስ ጥቂት መስመር ማንበብዎ አይቀርም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አብሮ የታጠፈውን ወረቀት እንዲፈርሙልኝ። የአበባና የቅጠል ውሃ የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ማክሰኞ ይሰበሰባል። ያን ቀን ፊርማዎ ካልደረሰ ሰዎች መጥተው ውሃውን የሚያነጥሩበትን ትልቁን የመዳብ ድስትዎን በእርሳስ ማኅተም ያሽጉታል፤ ስምዎም በጦስኝ ውሃ ላይ የባዛር ሽቶ ጠብ ከሚያደርጉት ሰዎች ስም ጋር ይለጠፋል። እርስዎ ራስዎ «ውሃ የሚያታልሉ» እያሉ ዕድሜ ልክዎን ሲረግሟቸው ከኖሩት ሰዎች ጋር። ይህ ሲሆን ዝም ብዬ ልመለከት ነው? እርስዎ አልፈርምም አሉ እንጂ እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ቁጭ ብሎ ያስረዳዎት ሰው የለም። ረቡዕ ልነግርዎት ስል አላስጨረሱኝም። አሁን ልጨርሰው።

ከየመንደሩ ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪያችን የሚመጣው ጠርሙስ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ማን እንደላከው እንዳናውቅ ተብሎ ነው። የምንሠራው ሥራ ደግሞ ከእርስዎ ሥራ ብዙ አይርቅም። እርስዎ መዓዛውን ከቅጠሉ አውጥተው ለውሃ ይሰጡታል፤ እኛ ከውሃው መልሰን እንቀማዋለን። ጠርሙሱን ለብ አድርገን፣ ከፀጉር የቀጠነች ክር በክዳኑ አስገብተን፣ ከውሃው ከፍ አድርገን እንሰቅላታለን። ክሯ ከውሃው የሚነሳውን ሽታ ትጠጣለች። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ ስናስገባት የጠጣችውን በሙቀት ትለቀዋለች፤ ሽታውም በተጠቀለለ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። አምና መጥተው ሲያዩት «ይህ የኔ ቱቦ ልጅ ነው፣ ግን አልበላም መሰለኝ፣ ከስቷል» ብለው አለቃዬን ዶክተር ሰሚኢን ያሳቁበት ቱቦ ነው። በዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ሽታ የራሱ አካሄድ አለው። ቀላሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ከባዱ ይዘገያል፤ ሲወጣም ስክሪኑ ላይ ተራራ ይሠራል። የጦስኝ ትልቁ ተራራ ቲሞል ይባላል። እርስዎ «የጦስኙ ቁጣ» የሚሉት፣ ጉሮሮ የሚይዘው ነገር መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ነገር ያመጣው ጠርሙስ ቲሞሉ ግሩም ነበር። ከጎኑ ግን እዚያ ሰፈር ምንም ጉዳይ የሌለው ሌላ ተራራ ቆሟል። ጽጌረዳ ነው።

ጀላል፣ አብሮኝ የሚሠራው ያ ቀልደኛ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ጠራኝ። «ማህታብ፣ ነይ እዪው። ይህ ጦስኝ ሽቶ ተቀብቶ ሠርግ ሊሄድ ነው።»

ሳቅሁ። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» አልኩ። «ስንት ጊዜ ያጭበረብረን ይሆን ይህ ሰውዬ?» እንዲህ ማለቴን የምጽፍልዎት ሌላ ሰው ከሚነግርዎት እኔ ብነግርዎ ስለሚሻል ነው። ስለማላውቀው ሰው ነው የተናገርኩት። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሰሚኢ ቢሮአቸው አስጠሩኝና «ተቀመጪ» አሉኝ። ዶክተር ሰሚኢ ሰው ተቀመጪ የሚሉ ሴት አይደሉም፤ ቆመን ነው የምናወራቸው። ሻይም አስቀዱልኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ቁጥሩ ተከፍቶ የባለቤቱ ስም ታውቋል» አሉ። «ከናንተ መንደር ነው።»

«ያ በልጅነቴ ይስቅብኝ የነበረው ሰውዬ፣ ሐጂ ሰፈር ነው?» አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የጠየቅኩት።

«አባትሽ ናቸው።»

ሻዩን አልጠጣሁትም። ሥራውን ከእጄ እንዲወስዱት እኔው ራሴ ለመንኳቸው፤ ልጅ የአባቷን ጠርሙስ መርምራ «ንጹህ ነው» ብትል ማን ያምናታል? ጀላል እንደ አዲስ ሠራው። ከቀልዱ ታቅቦ፣ አፉን ዘግቶ ነው የሠራው። ጽጌረዳው ንቅንቅ አላለም።

እኔ ግን የምን ጽጌረዳ ነው የሚለውን ነገር አልተውኩትም። ከባዛር የሚገዛ ሽቶ ሁለት ሦስት ተራራ ነው ያለው፤ ልጅ እንደሳለው ሥዕል ልሙጥ ነው። የእውነት ጽጌረዳ ከኋላው ሰም ያስከትላል። በክረምት የጽጌረዳው ዘይት ሲበርደው በጠርሙሱ አንገት ላይ የሚረጋው ነጭ ነገር፣ እሱ ማለቴ ነው። ሰሙ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አይነሳም፣ ክሯም አትይዘውም። ስለዚህ ጀላል ውሃውን ዘይት ከሚያሟሟ ፈሳሽ ጋር ናጠው፤ ሲረጋ ከላይ የተንሳፈፈውን ለየ፤ ቀስ አድርጎ አተነነው፤ ከታች የቀረችውን ጠብታ ለመሣሪያው ሰጠ። እኔ ከኋላው ቆሜ ጥፍሬን እበላ ነበር። ጊዜው ሲደርስ መጡ፤ ትናንሽ የሰም ተራሮች፣ ተሰልፈው። የኛ መንደር ጽጌረዳ ነው። ጀላል ዞር ብሎ አየኝና «አባትሽ ሌባ አይደሉም፤ አሁን እንባሽን ጥረጊና ምሳ ጋብዢኝ» አለኝ።

ሮጬ ዶክተር ሰሚኢ ጋ ገባሁ። «ይህ የተገዛ አይደለም» አልኳቸው። «ከጽጌረዳው ወቅት በድስቱ ውስጥ የቀረ ነው።»

«እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ» አሉ። «ግን ድስቱ መጽዳቱን በምን ነው የሚያውቁት?»

የከተማ ሰው ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። በኩራት አስረዳኋቸው። የጽጌረዳው ሥራ ሲያልቅ ድስቱና ቱቦው በአመድ ይታሻል፣ በሆምጣጤ ይታጠባል፣ ከዚያ ባዶ ውሃ ይፈላበታል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በነጭ ሳህን ይቀዳና ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ኦስታው፣ ማለትም የሥራው አለቃ፣ ያሸትና «ጽጌረዳው ሞቷል» ይላል። ይህ ሳይባል ሌላ ቅጠል ድስቱ ውስጥ አይገባም። አባቴ ሞቷል ሳይሉ ቀርተው እስከ ሦስት ጊዜ ያስፈሉበት ዓመት አለ አልኳቸው።

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ምናልባት ችኮላ ነበረ።»

«እንግዲያው ቀላል ነው» አሉኝ። «ድስቱ በደንብ አልጸዳም ነበር ብለው ይፈርሙ። የዘንድሮው ጦስኝ ይደፋል፣ ድስቱ እንደገና ይታጠባል፣ አዲስ ጠርሙስ ይልካሉ። ማንም ስማቸውን አያነሳም። ካልፈረሙ ግን ኮሚቴው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጦስኝ ውስጥ ጽጌረዳ ተገኝቷል።»

ቀላል ነው አሉ። እኔም ቀላል መስሎኝ ነው ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ የመጣሁት።

አባባ፣ ሩዙ የሸተተኝ ከግቢው በር ነው። ገና በሩን ሳልከፍት አርሯል አልኩ። እርስዎ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጀርባዎን ለምድጃው ሰጥተው ጦስኝ ይለቅማሉ፤ የሩዙ ድስት ካጠገብዎ ነው። «አባባ፣ ሩዙ» ስልዎት ብድግ ብለው ዞሩና «ረሳሁት» አሉ። ከዚያ ደግሞ አቀረቡልኝ። ከታች የከሰለውን ቅርፊት በጣትዎ ቆርሰው እየበሉ «እንዲህ ጠንከር ሲል ነው የምወደው» አሉ። ያ ቅርፊት ወርቅ መስሎ ካልወጣ እናቴን ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፉ ሰው ነበሩ። እኔም አብሬዎት በላሁ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም፤ ወደ ጉዳያችን ልመለስ።

ከምሳ በኋላ ድስቱ በምን ታጠበ አልኩዎት።

«እንደ ሁልጊዜው» አሉኝ። «አመድ፣ ሆምጣጤ፣ ባዶ ውሃ። ሳህኑ ወጣ።»

«ሳህኑን ማን አሸተተ?»

እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼብዎት አላውቅም። «ማን እንዲያሸት ፈልገሽ ነው? ጽጌረዳው ሞቷል አልኩ። አስለቃሽ ልቅጠርለት?»

«አባባ፣ ውሃው ውስጥ እኮ አለ። መሣሪያው አይቶታል።»

«መሣሪያሽ የት መንደር ነው የተወለደው?»

«እሺ፣ መሣሪያውን ተዉት። ድስቱ በደንብ አልጸዳም ነበር ብለው ይፈርሙልኝ፤ ያልቃል።»

«ድስቴ ጸድቷል። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ታዲያ ጽጌረዳው ከየት መጣ?»

እርስዎም ጦስኙን ከጭንዎ ላይ አራገፉና ተነሡ። ድምፅዎን ከፍ እንኳ አላደረጉም። «ገዝቶ ጨመረ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ገብተው በሩን ዘጉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አባቴ ተኛሁ ብለው በር ሲዘጉብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ተገትሬ ቀረሁ። እልኸኛ ሰው አይቻለሁ፤ እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና ከእልህ የጸዳሁ አይደለሁም። አጭበርባሪ ልባል የሚል እልህ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰው ስሙን ለማዳን ይዋሻል፤ ስሙን ለማጥፋት የሚዋሽ እርስዎን ብቻ አየሁ። ድስቱን በእርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ያዳነው ትልቅነቱ ነው።

አክስቴ ታጂ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ዳቦና አይብ ጠቅልላ ብብቴ ውስጥ እየከተተች «አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን አታጨናንቂው» ትለኛለች።

«አክስቴ፣ ሳህኑ ሲዞር ነበርሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ነበርኩ።»

«ምን ሸተተሽ?»

ሻርፗን አስተካከለች፣ መንገዱን አየች፣ እንደገና አስተካከለች። «ምን ይሸተኛል፣ ጽጌረዳ ነዋ።»

«ጽጌረዳ?»

«ለሁላችንም ሸቶናል። ለጎረቤት ድመት ሳይቀር ሸቷታል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ኦስታ ሞቷል ካለ በኋላ እኔ ተነሥቼ የለም፣ ነፍስ አለው ልበል? በሰው ፊት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ የኔ ልጅ።»

«ዝንቡስ ገብቷል» አልኳት። «የገባው ግን አባቴ አፍ ውስጥ ነው።»

አክስቴ አልተቆጣችም። የጠቀለለችውን ዳቦ ያለ ምክንያት ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው። «ከዚያ ከክረምቱ ትኩሳት ከተነሣ ወዲህ እኮ አፍንጫው…» ብላ ጀመረች። ከዚያ «ተይው» ብላ ጨረሰች። ምን ልትል እንደነበር አልጠየቅኳትም። ሚኒባሱም መጥቶ ነበር።

እስከ ካሻን ከተማ ድረስ ደሜ እንደፈላ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሰው፣ የጽጌረዳ ልጅ የሆነ ሁሉ፣ ሳህኑን ተቀብሎ፣ አሽትቶ፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ ለሚቀጥለው አሳልፏል። ለእርስዎ አክብሮት ተብሎ ነው። አክብሮታቸው ድስትዎን ሊያሳሽግ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ኦስታ፣ አንዴ ደግመን ብናፈላው ምን ይጎዳል?» ቢል እርስዎም «ይሁን» ይሉ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቅ ነበር። የምንጣፍ ጫፍ ሲነሣ እንኳ «ይቅርታ» የሚል መንደር፣ ትልቁ ነገር ላይ አፉን ይለጉማል።

ከካሻን በኋላ ንዴቱ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ሩዙ ትዝ አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? ያረረ ሩዝ በልቼ «እጅዎ ይባረክ» ብዬ ነው የተነሣሁት። እኔም የዚያው ግቢ ልጅ ነኝ።

አሁን ደግሞ እንዳይቆጡ፤ አንድ ነገር ሰርቄያለሁ። በሩን ዘግተውብኝ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ፣ ከድስቱ አጠገብ በሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አየሁት፤ ክዳኑና ቱቦው ሲገጠሙ እንፋሎት እንዳያመልጥ የሚጠመጠመውን። አሸተትኩት። ከዚያ ቀድጄ ከጫፉ አንድ ስንዝር የሚሆን ወሰድኩ። ላቦራቶሪ ስገባ ቆራርጬ በብርጭቆ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ቀቀልኩት። ጀላል አይቶኝ «ጦስኝ ጨርሰን ጨርቅ ጀመርን፤ ነገ ካልሲ ይዤ ልምጣ?» አለኝ። እንፋሎቱ ወጣ፣ ቀዝቃዛው ብርጭቆ ላይ ጤዛ ሆነ፣ በቀጭኑ ቱቦ ወርዶ ተጠራቀመ፤ በላዩም ላይ የዝንብ ክንፍ የማታክል ዘይት ተንሳፈፈች። ለመሣሪያው የሰጠኋት እኔ አይደለሁም፣ ጀላል ነው። ጽጌረዳ ከነሰሙ።

ዶክተር ሰሚኢ አይተው «ይህ ይበቃል» ብለዋል። ስለዚህ ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ከመፈረምዎ በፊት በደንብ ያንብቡት። «ከጽጌረዳው ወቅት በኋላ ድስቱ እንደ ልማዱ ታጥቧል፤ የቱቦው መገጣጠሚያ ጨርቅ ግን ሳይለወጥ በመቅረቱ የጽጌረዳ መዓዛ ይዞ ነበር» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። ስለ ሳህኑ አልተጻፈም። ማን አሸተተ፣ ማን ሞቷል አለ፣ አልተጻፈም። የተጻፈው እውነት ነው፤ ጥፋተኛው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ቢወቀስ አይከፋውም። «ድስቴ ጸድቷል» ያሉት ቃልዎም እንዳለ ነው፣ አልነካሁብዎትም።

አባባ፣ ይህንን ካልፈረሙልኝ ግን ምን ላድርግ? እውነቴን ነው፣ ጨንቆኛል። ባለፉት ቀናት በርስዎ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም፤ እናቴ ስትሞት ሐኪሙ ላይ እንኳ እንዲህ አልተናደድኩም። ጠዋት የሰው ጠርሙስ ስከፍት ጦስኝ ይሸተኛል፤ ጦስኝ ሲሸተኝ የእርስዎ ካፖርት ነው የሚመጣብኝ፤ ከዚያ እንደ ሞኝ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ ጀላል «ቲሞሉ ነው ዓይን የሚያቃጥለው» እያለ ያልፋል። የምወደው ሰው እጁን ይዤ ላወጣው ስል እጁን ሲነጥቀኝ፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

የሚነግሩኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ከሌለም አይንገሩኝ። አልጠይቅዎትም። ገዝቶ ጨመረ ብለሽ ጻፊ ያሉኝ ምን ከመባል ሸሽተው እንደሆነ በሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ ነበር፤ አስቤም ጨርሻለሁ። በኔ በኩል እዚህ ያበቃል።

አሁን የሚሆነውን ልንገርዎ። ወረቀቱን ፈርመው ለአክስቴ አማች ይስጡት፤ ሰኞ ይዞልኝ ይመለሳል። ማክሰኞ ኮሚቴው ያየዋል። የዘንድሮውን ጦስኝ ውሃ ይድፉት፤ ልብ እንደሚሰብር አውቃለሁ፤ ግን የአትክልቱን ሥር ያጠጡበት፣ ከዚያ በላይ አያስቡት። ረቡዕ እመጣለሁ፤ ያለኝን ፈቃድ ሁሉ ወስጃለሁ። አዲስ ጨርቅ አመጣለሁ። አመዱን እኔ አሻለሁ፣ ክንዴ ገና ጉልበት አለው። ከዚያ ባዶ ውሃ እናፈላለን፤ ግቢውም እንደ ልማዱ ይሰብሰብ።

ልጅ ሆኜ ሳህኑን መጀመሪያ ለኔ ይሰጡኝ እንደነበር ያስታውሳሉ? ከሁሉ በፊት። ሐጂ ሰፈር «ኦስታ፣ ይህቺ አፍንጫዋን መጥረግ ያልቻለች ልጅ ምን ታውቃለች?» እያለ ሲስቅብኝ፣ እርስዎ «እሷ አታውቅም፣ ፊቷ ግን ያውቃል» ይሉት ነበር። አጎንብሼ አሸትታለሁ፤ እርስዎ ሳህኑን አያዩም፣ እኔን ነው የሚያዩኝ። ጽጌረዳ ካለበት ሳላውቀው ፊቴ ይፈታል። ከሌለበት እንደ ግድግዳ ነው። ከዚያ እርስዎም ለወጉ ያህል ያሸቱና ያውጃሉ። ትልቅ ሰው የምሆነው ያን ጊዜ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ያን ቀን ነበር የምጠብቀው።

ረቡዕ ሳህኑን መጀመሪያ ለኔ ይስጡኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ልጄ ከከተማ መጥታለች፣ የድሮዋን ጨዋታ ናፍቃ ነው» ይበሏቸው፤ ማንም ምንም አይልም፤ ዝም ማለት እንደሆነ ያውቁበታል። እኔ አሸትታለሁ። እርስዎ ፊቴን ይዩና ሞቷል ወይም አልሞተም ይበሉ። ቃሉ የእርስዎ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት እመጣለሁ፤ ፈቃዴን ለሌላ ነገር አላወጣውም።

ፊቴ አርጅቷል፣ መዋሸትም ተምሯል፤ ለእርስዎ ግን አይዋሽም።

እግዚአብሔር ለዚያ ድስት ገና ብዙ ጽጌረዳ፣ ለእርስዎም ብዙ ጠዋት ይስጥዎት። ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ የዘጉብኝንም ስልክ ይቅር ብያለሁ፣ አንዴ ካነሱልኝ።

ልጅዎ
ማህታብ

ረስቼው፤ ከደብዳቤው ጋር ያለው ነጭ ሣጥን የጋዝ ማስጠንቀቂያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ሁሉ ሲያድል ለኔ ሁለት ደረሰኝ። የአክስቴ አማች ከምድጃው ከፍ አድርጎ ይሰቅልልዎታል፤ አይከልክሉት። ከጮኸ አይናደዱበት፤ ጋዙን ይዝጉና ወደ ውጭ ይውጡ። በዚያ ግቢ ውስጥ ዝም የማይል አንድ ነገር ቢኖር አይከፋም።